ፍሬዛል ቨርብን በድሬዳዋ መማር፦ የአንድ የማታ ኮርስ ግምገማ

በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር፣ ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ የሚሰጥ አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ አለ። ሌሎች የማታ ትምህርት ቤቶች በአንድ ምዕራፍ ነካክተው የሚያልፉትን ፍሬዛል ቨርብን ራሱን የቻለ ኮርስ አድርጎ ያስተምራል። የመጀመሪያውን ደረጃ እስከ መጨረሻው ተከታትዬ ጨርሻለሁ፤ ፍርዴንም ከወዲሁ እናገራለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ላጠናቀቀና እንግሊዝኛ ማንበብ እየቻለ ሲነገር ግን ለሚያመልጠው ሰው፣ ኮርሱ የሚከፈልበት ገንዘብም የሚጠፋበት ጊዜም ይገባዋል። ለጀማሪ አይሆንም። የማስተማሪያ ዘዴው በጣም ጥሩ ሲሆን ፈተናው ግን ከዘዴው ጋር የሚጋጭ ስለሆነ መለወጥ አለበት።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እንግሊዝኛ እንደ ቴክ፣ ጎ፣ ፑት፣ ጌት ያሉትን ተራ ግሦች እንደ አፕ፣ ኦፍ፣ ኦን፣ አውት ካሉ ትንንሽ ቃላት ጋር ያጣምርና፣ ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ የማይገመት ትርጉም ይፈጥራል። ‘ጊቭ’ መስጠት ነው፣ ‘አፕ’ ወደ ላይ ነው፤ ‘ጊቭ አፕ’ ግን ተስፋ መቁረጥ ወይም የያዙትን ነገር መተው ነው። ችግሩ በዚህ ቢያበቃ ቃላቱን እንደ አዲስ ቃል ሸምድዶ መገላገል ይቻል ነበር። ነገር ግን አንዱ ጥምር ብዙ ትርጉም ይይዛል። ‘ቴክ ኦፍ’ ስለ ጃኬት ሲነገር ማውለቅ፣ ስለ አውሮፕላን ሲነገር ከመሬት መነሣት፣ ስለ ንግድ ሲነገር በድንገት መስፋፋትና መሳካት ነው፤ ከመካከሉ ቀን ሲገባበት ደግሞ ፈቃድ ወስዶ ከሥራ መቅረት ይሆናል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ላሳተመው መዝገበ ቃላት በጻፈው መቅድም፣ ለውጭ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ የቃላት ጥምረት እንደሆነ ገልጾ ነበር። ስለዚህ ተማሪው የሚቸገረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

በእኛ አገር ተማሪ ላይ ችግሩ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ኮርሱን ከሌሎች የምለየውም ይህን ምክንያት ስለተረዳ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ስለምንማር፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የምንለቅመው የጽሑፍ እንግሊዝኛን ነው። ፖስትፖን፣ ቶለሬት፣ ኢንቨስቲጌት የሚሉትን እናውቃለን፤ በተራ ንግግር የሚተኳቸውን ፑት ኦፍ፣ ፑት አፕ ዊዝ፣ ሉክ ኢንቱ የሚሉትን ግን በአግባቡ የሚነግረን አልነበረም። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለት ረድፎች ጎን ለጎን የያዘው በታሪኩ ምክንያት ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፍርድ ቤቱና የቤተ መንግሥቱ ቃል ከፈረንሳይኛና ከላቲን ሲገባ፣ የሜዳውና የጓዳው ቃል ግን በቀድሞው መንገድ ቀጠለ። እንግሊዛዊ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰማው የጓዳውን ሲሆን የኛ ተማሪ የሚጀምረው ከፍርድ ቤቱ ነው። ለዚህም ነው አስቸጋሪ የተባለ መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ሰው፣ በስልክ ‘ሆልድ ኦን፣ አይ ዊል ፑት ዩ ስሩ’ ሲሉት ግራ የሚጋባው። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያውቀዋል፤ ‘ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ’ እንደተባለ ግን አላወቀም።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት የምትመች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ከሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ስለሆነች፣ የውጭ ቋንቋን ለሥራ ብሎ መማር ለሕዝቧ አዲስ አይደለም። በምድር ባቡሩ ዘመን የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2014 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ አየር ማረፊያውና ሆቴሎቹ የሚጠይቁት እንግሊዝኛ ነው። ከእኔ ጋር የተማሩትም ከእነዚሁ ቦታዎች የመጡ ናቸው፤ ትራንዚተሮች፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ ነርሶች፣ የመጋዘን ሠራተኞች፣ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።

የኮርሱ ዋና ብልሃት አከፋፈሉ ላይ ነው። አብዛኛው የፍሬዛል ቨርብ ትምህርት በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ይሰጥና ከጎኑ የአማርኛ ፍቺ ያስቀምጣል። ተማሪውም ዝርዝሩን ለፈተና ይሸመድዳል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። እዚህ ግን ትምህርቱ የተከፋፈለው በሥራና በኑሮ ቦታ ነው፤ ስልክ፣ መጋዘን፣ ጉዞ፣ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ስብሰባ። አንዱ ግሥ በተለያየ ቦታ እየተመለሰ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ሌላ ትርጉም ይይዛል። ‘ፒክ አፕ’ በስልክ ክፍለ ጊዜ ስልክ ማንሣት ነበር፤ በመጋዘን ዕቃ መረከብ፣ በጉዞ ሰውን ካለበት ሄዶ መውሰድ ሆነ፤ ወደ ኋላ ላይ ደግሞ ቋንቋን ሳይማሩት ከጆሮ መልቀም ሆኖ መጣ። የመጨረሻውን ትርጉም ለድሬ ልጅ ማስረዳት ጊዜ አይወስድም። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን ማንም ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አላስተማረንም፤ በሰፈር በጨዋታ ነው የለቀምነው፤ የተማሪው ሁሉ ፊት ወዲያው በራ።

ለእያንዳንዱ ግሥ በደብተር ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ይመደባል። በገጹ ላይ የሚጻፈው ፍቺው ብቻ አይደለም፤ ግሡ ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማለትም ባለቤቱና ተሳቢው ይጻፋል። ‘አውሮፕላን ቴክ ኦፍ’፣ ‘ሰው ጫማ ቴክ ኦፍ’፣ ‘ንግድ ቴክ ኦፍ’ እየተባለ ገጹ ቀስ በቀስ ይሞላል። ይህ ቀላል ቢመስልም የብዙ ትርጉም ችግር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ራሱ ትርጉሙን የሚለየው አብሮ ከመጣው ቃል እንጂ በአእምሮው ካለ ዝርዝር አይደለም።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ ከመምህሯ የሚበልጡ ትራንዚተር፣ በጉዳዩ ተማርረው “ቲቸር፣ አንዱ ቃል ይህን ሁሉ ትርጉም ከያዘ የትኛውን ነው የምይዘው?” ብለው ጠየቁ። መምህሯ እንግሊዝኛውን ትታ ወደ አማርኛ መለሰቻቸው። “ጋሼ፣ እርስዎ ‘ተነሣ’ የሚለውን ቃል ስንት ቦታ ይሉታል? ልጁ ከእንቅልፉ ተነሣ፤ ሹሙ ከሥልጣን ተነሣ፤ ጥያቄ ተነሣ፤ ፎቶ ተነሣ፤ አውሮፕላኑ ተነሣ። አንድም ጊዜ ተምታቶብዎት ያውቃል?” አለቻቸው። እሳቸውም እንዳልተምታታባቸው መለሱ። ከዚያም ‘ፈረደለት’ እና ‘ፈረደበት’ የሚሉትን በሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ በሁለቱ መካከል የተለወጠችው አንዲት ፊደል ብቻ ሆና ሳለ፣ አንዱ ሰው ረትቶ ሌላው ሰው ተረትቶ ከችሎት ይወጣል። ትንሽ ተጨማሪ ቃል የግሥን አቅጣጫ መለወጥ ለእንግሊዝኛ ብቻ የተሰጠ ምሥጢር እንዳልሆነ፣ እኛም በልጅነታችን የተካንበት እንደሆነ ለተማሪው ማሳየት ትልቅ የማስተማር ችሎታ ነው። በብዙ የእንግሊዝኛ ክፍሎች አማርኛ መናገር እንደ ጥፋት ይቆጠራል፤ እዚህ ግን በቦታውና በልኩ ለማስረጃነት ውሏል።

ከሁሉ የወደድሁት ‘ጎ ኦፍ’ የተሰጠበትን ክፍለ ጊዜ ነው። ይህ ግሥ የሚያስቸግረው አንዱ ትርጉሙ የሌላው ተቃራኒ ስለሚመስል ነው። ማንቂያ ደወል ‘ጎ ኦፍ’ ሲባል መጮህ ጀመረ ማለት ሲሆን፣ መብራት ‘ጎ ኦፍ’ ሲባል ግን ጠፋ ማለት ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ አንዱ ያቆማል። ፈንጂ ከሆነ ይፈነዳል፣ ወተት ከሆነ ይበላሻል፣ ሰው ከሆነ ትቶ ይሄዳል። መምህሯ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ኑሮ በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ አደረገች፤ በድሬ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ የዋለ ወተት፣ በማታ የሚጠፋ መብራት፣ ለሌሊት ተረኛ የተሞላ የስልክ ደወል ተራ በተራ መጡ። አንዲት ነርስ ሦስቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አገጣጠመቻቸው፤ መብራቱ ስለጠፋ ወተቱ ተበላሸ፣ ደወሉም ሳይጮህ ቀረ አለች፤ ለሦስቱም ‘ጎ ኦፍ’ን ተጠቀመች። ከዚያ በኋላ ትርጉሞቹን ማንም ሲያምታታ አልሰማሁም። እዚህ ላይ መጨመር የነበረበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ወተት ‘ጎ ኦፍ’ የሚለው የእንግሊዞች አነጋገር ሲሆን አሜሪካኖች በብዛት ‘ጎ ባድ’ ይላሉ። ከአሜሪካ ዘመድ ጋር በስልክ የሚያወራ ተማሪ በሞላበት ክፍል ይህ ልዩነት ቢነገር ይጠቅም ነበር።

የቃላት ቅደም ተከተልም በጥንቃቄ ተሰጥቷል። ‘ሣጥኑን አንሣ’ ለማለት ‘ፒክ አፕ ዘ ቦክስ’ም ‘ፒክ ዘ ቦክስ አፕ’ም ትክክል ነው፤ ሣጥኑ በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ‘ፒክ ኢት አፕ’ ብቻ ነው የሚባለው፤ ‘ፒክ አፕ ኢት’ ስሕተት ነው። ለዚህም መምህሯ ‘አነሣሁት’ የሚለውን የአማርኛ ግሥ አቀረበች፤ እኛም ስሙን ከግሡ ውጭ እናስቀምጣለን፣ ተውላጠ ስሙን ግን በግሡ አካል ውስጥ እናስገባለን። ሕጉን ከዚህ ይልቅ ባጭሩ ያስረዳ ሌላ መምህር አላጋጠመኝም። እንደ ‘ሉክ ፎር’ ያሉት የማይለያዩ መሆናቸው፣ ማለትም ‘ሉክ ኢት ፎር’ እንደማይባል፣ ለየብቻ ተለማምዷል። የድምፅ አጣጣሉም አልተረሳም፤ ‘ተርን ኢት ኦፍ’ ሲባል ክብደቱ በመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲያርፍ፣ ‘ሉክ ፎር ኢት’ ሲባል ግን በግሡ ላይ ያርፋል፤ ጆሮ ይህን ሲለምድ ሁለቱ ወገኖች ያለ ሕግ ይለያሉ።

በዕለት ተዕለት አማርኛችን የገቡ ስሞችም ለትምህርቱ መነሻ ሆነዋል። ሃንድአውት፣ ሜካፕ፣ ፒካፕ፣ ባክአፕ፣ ቼክአውት የምንላቸው ሁሉ ከፍሬዛል ቨርብ የተወለዱ ስሞች ናቸው። ተማሪው የሃንድአውትን ትርጉም ስለሚያውቅ ‘ሃንድ አውት’ ማደል እንደሆነ በቀላሉ ይደርስበታል። ‘ሜክ አፕ’ ግን ይህን ያህል አይገራም፤ ፊትን ከማስዋብ በተጨማሪ ታሪክ ፈጥሮ ማውራት፣ ተጣልቶ መታረቅ፣ የአንድ ነገር ክፍል መሆንም ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ትርጉሞች ኮርሱ በጥድፊያ ስላለፋቸው፣ ብዙ ተማሪ መታረቅ የሚለውን ሳይይዘው ወጥቷል።

ዘዴው የሚወላገድበት ቦታም አለ። መምህሯ እያንዳንዷ ትንሽ ቃል የራሷ ቋሚ ባሕርይ አላት ብላ ታስተምራለች፤ ‘አፕ’ ማለቅንና መሙላትን፣ ‘ኦፍ’ መለየትን ታመለክታለች ትላለች። ይህ በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ ‘ኢት አፕ’ በልቶ መጨረስ፣ ‘ዩዝ አፕ’ ተጠቅሞ ማሟጠጥ፣ ‘ፊል አፕ’ እስከ አፍ መሙላት ነው፤ ‘ካት ኦፍ’ም ቆርጦ መለየት ነው። ነገር ግን ‘ብሪንግ አፕ’ ልጅ ማሳደግም ሐሳብ ማንሣትም ነው፣ ‘ስሮው አፕ’ ማስመለስ ነው፣ ‘ተርን አፕ’ ብቅ ማለት ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ማለቅን መፈለግ ነገሩን በግድ መጎተት ይሆናል። አንድ ተማሪ ‘ብሪንግ አፕ’ን “አሳድጎ ጨረሰ” ብሎ ሲተረጉም የተመሰገነበት ጊዜ ነበር፤ ልጁን ገና እያሳደገ ላለ ሰውም የሚባል ስለሆነ ሊታረም ይገባ ነበር። የትንሿን ቃል ባሕርይ ማወቅ ለማስታወስ ይረዳል፤ እንደ ሕግ ሲያዝ ግን ወደ ስሕተት ይመራል፤ ይህም ለተማሪው ገና ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ጽሑፍ ነው። ኮርሱ በደብዳቤ ላይ ፍሬዛል ቨርብ አይጻፍም፣ በላቲኑ ቃል ይተካ ብሎ አጥብቆ ያዝዛል። ስብሰባ መራዘሙን ለመግለጽ በመደበኛ ደብዳቤ ‘ፖስትፖን’ መጻፍ ከ‘ፑት ኦፍ’ የተሻለ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ‘ካሪ አውት’፣ ‘ሴት አፕ’፣ ‘ፖይንት አውት’ የሚሉት በከፍተኛ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር ያለ ነቀፋ ይጻፋሉ። የትኛው ለደብዳቤ እንደሚሆንና የትኛው ለንግግር ብቻ እንደሆነ በየገጹ ምልክት ቢደረግበት ኖሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ባልተደናገሩ።

ፈተናው ግን የኮርሱ ትልቁ ድክመት ነው። በክፍል ውስጥ ትርጉም አብሮ በሚመጣው ቃል ይለያል ሲባል ከርሞ፣ በመጨረሻ የቀረበው ፈተና ግሦችን በግራ፣ የአማርኛ ፍቺዎችን በቀኝ ደርድሮ “አዛምዱ” ይላል። ለእያንዳንዱ ግሥ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው። በዚህ መለኪያ ከፍተኛ ውጤት ያገኘው ዝርዝር የሸመደደው ሰው ነው፤ በክፍል ውስጥ በሦስት ትርጉም አንድ ዐረፍተ ነገር የሠራችው ነርስ ግን ከመካከለኛዎቹ ተራ ተሰልፋለች። የመስማት ፈተና ጨርሶ የለም፤ ኮርሱ የሚኮራበት ነገር ሲነገር እንዲገባ ማድረግ ሆኖ ሳለ ይህ መቅረቱ አሳዛኝ ነው። ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን አንብቦ፣ ወይም ከስልክ አሰምቶ፣ በዚህ ቦታ ‘ጎ ኦፍ’ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ለማን ይጠቅማል የሚለውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከቻይና፣ ከቱርክ ወይም ከሕንድ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር በፋብሪካ ለሚሠራ ሰው፣ ሁለቱም ወገኖች እንግሊዝኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ስለሆነ፣ በብዛት የሚነገረው ቀጥተኛው ቃል ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው የሥራው መሣሪያዎች ስምና የደኅንነት መመሪያ ይቀድማል። በሆቴል፣ በአየር መንገድ፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በስልክ አገልግሎት የሚሠራ፣ ከውጭ ዘመድ ጋር የሚያወራ፣ ፊልም ያለ ትርጉም ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ቢመዘገብ ይጠቀማል። ግሦችን በአላፊና በአሁን ጊዜ መለየት የማይችል ሰው መጀመሪያ ጠቅላላውን የእንግሊዝኛ ኮርስ ይውሰድ።

ክፍያው በወር የሚፈጸም ሲሆን በከተማው ካሉት የማታ ኮርሶች መካከለኛ ከሚባሉት ጋር ይመደባል፤ ሃንድአውቱ ግን ለብቻው ያስከፍላል። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ቬንትሌተር አለው፤ መብራት ሲጠፋ ግን መስኮት አጠገብ ያልተቀመጠ ሰው ይቸገራል። የተማሪው ቁጥር በዝቶ ሁሉም በአንድ ማታ የመናገር ዕድል ስለማያገኝ፣ ከፊት ለፊት መቀመጥ ይመረጣል። በረመዳን ወር ሰዓቱ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ይሆናል፤ ይህ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ጾሙ ሊገባ ሲል ስለሆነ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ወደ ሁለተኛው ደረጃ ማለፍ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ደረጃ የሞላውን ደብተር ይዞ መቅረብ አለበት፤ መምህሯ ገጾቹን አገላብጣ፣ ከግሦቹ ጥቂቱን በቃል ጠይቃ ነው የምትመዘግበው፤ እኔ ከፈተናው ውጤት ይልቅ ይህን መመዘኛ አምነዋለሁ።